ነጠብጣቡን ያጠፋሁ ዕለት

ፍኖተ ሰላም ቪዲዮ ቤት እሠራ በነበረ ጊዜ፣ አንዲት እናት ከፈረስ ቤት ከተማ የልጃቸውን ሠርግ ካሴት ይዘው መጡ። «የሟች ባለቤቴ መልክ ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ አጥራልኝ ልጄ» አሉኝ። ምስሉን ከዳር እስከ ዳር ነጠብጣብ ወርሶታል። ኮምፒውተሩ ላይ ጥቃቅን ነጥብ እየለቀመ የሚያጠፋ የማጣሪያ ትእዛዝ ጻፍኩ። አንዴ አልበቃኝም፤ ደጋግሜ አሳለፍኩት። እንደ መስታወት ጠራ።

በሳምንቱ ሲመጡ ደረቴን ነፍቼ ከፈትኩላቸው። ራሳቸውን ሲያዩ ሳቁ። አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ሲያዩ ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«ምነው እማማ? ባለቤትዎ እኮ ናቸው!»

«በስመ አብ! የእሳቸውን ፊትማ ፈንጣጣ በልቶት ነበር። ይህን ሰውዬ ከየት አምጥተህ ነው ከጎኔ ያስቀመጥክብኝ?»