የሞተሩ ቤት ውሃ

ልጆቼ ሐኪም አዟል ብለው ጨው የሌለው ወጥ ያቀርቡልኛል። ተደብቄ አንዲት ቅንጣት ጨው ምላሴ ላይ ጣል ሳደርግ ግን ሮቢ ወንዝ ዳር የነበረው የሞተር ቤት ከነናፍጣ ሽታው ይመጣብኛል። ተይ ቢሉኝም አልተውም፤ እኔ ድሮም ተይ ሲሉኝ የምተው ሴት አልነበርኩም።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ጣሊያኑ ሹም ከሸዋ ሮቢት ታች ጥጥ ያስዘራ ነበርና ከወንዙ ውሃ የሚስብ ሞተር በላሜራ ቤት ውስጥ አስተከለ። ሞተሩን የሚያሠራው ታላቅ ወንድሜ ነበር። እንደሱ ያለ እጅ በይፋት አልነበረም፤ ይህን የምለው እህቱ ስለሆንኩ አይደለም። ኧረ እህቱ ስለሆንኩም ነው። ያን ሰሞን ከሞተሩ ሥር ውሃ ይጠራቀም ጀመር። ጠዋት ያደርቀዋል፣ ከሰዓት በኋላ ኩሬ ሆኖ ያገኘዋል። ከወንዙ የሚመጣውን ቱቦ ፈትቶ አሰረው፣ ጨርቅ ጠመጠመበት፤ ወይ ፍንክች። ሞተሩ እየጋለ ሲቆም ጥጡ ጠወለገ።

ሹሙ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። «ለሽፍቶቹ ብለህ የምትበሳው አንተ ነህ ይልሃል» አለ አስተርጓሚው መሬት መሬቱን እያየ። «ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካላገኘኸው ታስረህ ደብረ ሲና ትወጣለህ።» በዚያ ዘመን ታስሮ ደብረ ሲና የወጣ ሰው ልብሱ እንኳ አይመለስም ነበር። እናቴ ስትሰማ መስገጃዋ ላይ ተደፋች። እኔ ሻሼን አጥብቄ ወደ ሞተሩ ቤት ሄድኩ።

«አንቺ ደሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለኝ ወንድሜ።

«ጋሼ፣ ያንተ ክንድ ከሞተሩ ጀርባ አይገባም፤ የኔ ይገባል።»

ረመዳን ነበር። ላሜራው ግሎ ቤቱ ይፋጃል፣ በሚስማር ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ኩሬው ላይ ይንቀጠቀጣል። የወንድሜ ከንፈር ተሰነጣጥቋል። «ውሃው የወንዙ ይሁን የማቀዝቀዣው ባውቅ ግማሹ ሥራ አለቀ» አለ። ሞተሩ እንዳይግል ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚጨምረው፣ የወንዙ ጭቃ እንዳይደፍነው ብሎ፣ ከመስጊዱ ጉድጓድ የተቀዳ ጨዋማ ውሃ ነበር፤ የወንዙ ደግሞ ጣፋጭ ነው። መቅመስ ብቻ ይበቃ ነበር። እሱ ግን ጾመኛ ነው፣ ነፍሱ ብትወጣ ጠብታ አፉ አያስገባም። እኔም የምጾም ነው የሚመስለው። እኔ ግን ያን ሳምንት ሴት ልጅ ጾም በምትተውበት ምክንያት እየበላሁ ነበር፤ ይህ ደግሞ በኛ ቤት ለወንድም አይነገርም። ከናቴ እንኳ ተደብቄ ጓዳ እጎርሳለሁ፣ ሰው ፊት ስወጣ የጾመ ሰው እመስላለሁ። አፈርኩ፣ ፊቴ ነደደ። ከዚያ ደብረ ሲና ትዝ አለኝና ጣቴን ኩሬው ውስጥ ነክሬ ላስኩ።

አየኝ። ወዲያው ፊቱን ወደ ላሜራው አዞረ። ቆይቶ፣ እንደዞረ፣ «ምን ምን ይላል?» አለኝ።

«ጨው ጨው።»

ከዚያ በኋላማ ማን ይችለናል። ሞተሩን በጨርቅ አደረቅነው፤ ለማታ ገንፎ የተፈጨውን የማሽላ ዱቄት ከቤት አምጥቼ በማቀዝቀዣው ቱቦ ዙሪያ ነሰነስኩት። ወንድሜ ሲያስነሳው ሞተሩ እየተንዘፈዘፈ ዱቄቱን አራገፈው፤ ከጀርባ፣ ከቱቦው መግቢያ ሥር ግን ሊጥ ሆኖ ተጣበቀ። ሞተሩን አጠፋና እጄን አስገብቼ ዳበስኩ። ጥፍር የማታህል ስንጥቅ ናት። «ይኸው ጋሼ፣ እዚህ ጋ።» የተሰነጠቀውን ቆርጦ ጣለና ቱቦውን መልሶ አሰረው።

ሹሙ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጣ። ወለሉን በጫማው መታ መታ አደረገ፤ አቧራ ቦነነ። ሳቀና የወንድሜን ትከሻ ቸብ አደረገው። አስተርጓሚው «እንዲህ ያለ ባለሙያ እዚህ አይባክንም ይላል፤ ነገ አዋሽ ወዳሉት ሞተሮች ትሄዳለህ» አለ። እሺታውን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ያን ዕለት ስናፈጥር እናቴ የመጀመሪያውን ቴምር ለወንድሜ ዘረጋችለት። ተቀብሎ እኔ መዳፍ ላይ አኖረው።

«ምነው፣ አንተ ሳትቀምስ?»

«እማ፣ ዛሬ ከኔ በላይ የጾመችው እሷ ናት» አለ፣ ወደኔ ሳያይ።

ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩት። እንባዬ መጣ፤ እናቴ የጾሙ ድካም መሰላት።

በማግስቱ መኪና ወሰደው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲመለሱ እኛም ደጃፍ ቆመን ጠበቅን፤ ወንድሜ ግን አልመጣም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ እናቴ ረመዳን በገባ ቁጥር «እሱ ነው ያለው» እያለች የመጀመሪያውን ቴምር ለኔ ትሰጠኝ ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳለ ሳልነግራት ሞተች።