ለልጄ የሰጠኋት ኃጢአት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። ለንስሐ አባቴም በየጊዜው ስናዘዝ ሌላውን ሁሉ እዘረዝርና ይቺን እዘላታለሁ። ዛሬ ለአንተ ለማላውቅህ አንባቢ የምነግርህ ደፍሬ እንዳይመስልህ፤ ፊትህን ስለማላየው ነው።

ልጄ ያልሠራችውን ኃጢአት እንድትናዘዝ ያደረግኳት እኔ ነኝ። ደብድቤ ያናዘዝኳት እኔ ነኝ።

በደርግ ጊዜ ሞጣ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ የቢቸና ቄስ ነበሩ፤ እኔም በአለንጋቸው ሥር ዳዊት ደግሜ ያደግኩ ነኝ። ዓርብ ዓርብ የትምህርት ቤቱን የውይይት ክበብ የምመራው እኔ ነበርኩ። ሃይማኖት ሁሉ እኩል ነው፣ እስላም ክርስቲያን ብሎ ልዩነት የለም እያልኩ ተማሪ ፊት ስለፈልፍ እቆይና ቤቴ ስገባ ሌላ ሰው እሆናለሁ። ይህን ማስመሰል ያኔ አላየሁትም ብልህ ታምነኛለህ?

ጎረቤታችን ዘይነባ የጨርቅ ነጋዴ ሚስት፣ ሙስሊም ነበረች። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ልትወልድ አምበር ከተማ እናቷ ዘንድ በሄደችበት ሰሞን፣ የስምንት ዓመቷን ልጄን ስንዱን ቀን ቀን የምትጠብቅልኝ እሷ ነበረች። ፀጉሯን ትሠራታለች፣ ከልጇ ከሰዓዳ ጋር ታጫውታታለች። ምግቧን ግን ከቤት ነበር ቋጥሬ የምሰጣት። በእኛ አገር ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላሙም እንደዚያው፤ የበላ ሃይማኖቱን እንደለቀቀ ይቆጠራል። «ሥጋ እንዳትነኪ» እያልኩ በየጠዋቱ አስጠነቅቃታለሁ።

የአረፋ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከስብሰባ ስመለስ ስንዱ ደጃፋችን ላይ ተቀምጣ ጣቷን ትልሳለች። ከንፈሯ በቅባት ወዝቷል።

«ምን በልተሽ ነው?»

«ዶሮ» አለችኝ ደስ ብሏት። «አባባ፣ የእኔ እኮ ለብቻው ነው...»

አላስጨረስኳትም። ቀበቶዬን ፈታሁ። «የእስላም ሥጋ በላሁ በይ» እያልኩ መታኋት፤ «አልበላሁም» ስትል ደግሞ ስለዋሸች መታኋት። ዘይነባ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች። «መምህር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አንዴ ይስሙኝ!» ስትል በሩን ፊቷ ላይ ዘጋሁት። አንዲት ቃል ብሰማት ምን እሆን ነበር? ለልጄ ነፍስ ፈርቼ ነው ብልህ ደስ ባለኝ። የፈራሁት ለስሜ ነው። የቄሱ የልጅ ልጅ ከእስላም ቤት ሥጋ በላች ሲባል ነበር የሚታየኝ።

በመጨረሻ «በላሁ» አለች። ያን ጊዜ ቀበቶውን ጣልኩት።

ሞጣ ላይ ቢደረግ ወሬ ይሆናል ብዬ በሳምንቱ በአውቶቡስ ቢቸና ወሰድኳት። አባቴ ቄደር ሊያጠምቋት ነበር፤ ሃይማኖቱን ለቅቆ ለተመለሰ ሰው የሚጸለይ ጸሎት ነው፣ በተጸለየበትም ውኃ ይጠመቃል። ከዚያ በፊት ግን አባቴ ጎንበስ ብለው ጠየቋት። «ልጄ፣ እግዜር እዚህ ቆሟል። እውነት በልተሻል?»

ስንዱ እሳቸውን አላየችም። እኔን አየችኝ። «አዎ፣ በልቻለሁ» አለች። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ስትንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። አላለቀሰችም። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ከጎኗ ቆሜ አሜን፣ አሜን እል ነበር።

ከተመለስን ከጥቂት ቀን በኋላ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አያ ተሻለ በሩን ሲከፍቱልኝ፣ «መምህር፣ ልጅዎ ያቺን ዶሮ ወደደቻት?» አሉኝ።

«የቷን ዶሮ?»

«የአረፋዋን ነዋ! ዘይነባ ‹እኛ ስንበላ ሕፃኗ ቁጭ ብላ አታይም› ብላ ዶሮዋን ታቅፋ ቤቴ ድረስ መጣች። እኔ በስመ አብ ብዬ ባርኬ አረድኩላት፣ ሚስቴ በራሳችን ድስት ሠርታ ሰጠቻት። አልነገረችዎትም እንዴ?»

«ወዳታለች» አልኩና ወደ ክፍል ገባሁ። ቀኑን ሙሉ አስተማርኩ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ታውቀዋለህ። እኔም አውቀው ነበር። ልጄን ጠርቼ አንቺ እውነተኛ ነሽ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት። ዘይነባ ደጅ ሄጄ እግሯ ላይ መውደቅ። ቢቸና ተመልሼ ለአባቴ እውነቱን መንገር። አንዱንም አላደረግሁም። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅማ! አባቴ ገርፈውኛል እንጂ ተሳሳትኩ ብለውኝ አያውቁም፤ የእሳቸውም አባት እንደዚያው። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም። አይ፣ ለማመካኘት ነው፤ ተመልከተኝ፣ አሁንም እያመካኘሁ ነው።

ዘይነባ ሰላምታዋን አልከለከለችኝም። ሰዓዳን ግን ወደ ግቢያችን ልካት አታውቅም። ስንዱም ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ቤት ውኃ እንኳ አልጠጣ አለች፤ ሰው ሁሉ ጨዋ ልጅ አሳደግህ እያለ ያመሰግነኝ ጀመር። ምስጋናውን ተቀበልኩ። አባቴም የልጅ ልጃቸው ሃይማኖቷን ለቅቃ እንደተመለሰች አምነው ሞቱ።

ስንዱ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ባለፈው ፋሲካ ልጆቿን ሰብስባ ስለእኔ ታወራላቸዋለች። «በልጅነቴ የእስላም ሥጋ በልቼ፣ አያታችሁ ናቸው ቀጥተው የመለሱኝ» አለቻቸው። በልቻለሁ ነው የምትለው። ቀስ ብዬ፣ «እርግጠኛ ነሽ መብላትሽን?» አልኳት።

«ምነው አባባ፣ ረሱት እንዴ? እኔ እኮ እስከዛሬ ስናዘዝ መጀመሪያ የምናገረው እሱን ነው። ያኔ ባይቀጡኝ የት እገባ ነበር?» አለችኝ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ልጆቿ ያዩኛል። አፌን ዘጋሁ። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች፤ እኔም እጄን ራሷ ላይ አድርጌ መረቅኋት።

ይቅር በለኝ ብዬ አልለምንህም። ይቅርታው የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ እንደተበደለች አታውቅም።