ግማሽ ጣሳ ቀለም

ታላቅ ወንድሜ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪው ጋሼ፣ የዘይት ቀለም ጣሳ ተከፍቶ ማየት አይወዱም ነበር።

«ክደነው አንተ! አየሩ ውስጥ ጥንድ ያጡ ቅንጣቶች እንዳንተ ተጣማሪ ፍለጋ ይዞራሉ። የዘይቱን ፊት ገጭተው ይጣበቁበታል፤ ከዚያ ቆዳ ያወጣል» ይሉኛል።

እኔ ሽማግሌው ላጤ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ፒያሳን ስዞር ምነው አንዷ ላይ እንኳ ሳልጣበቅ ቀረሁ?» ስላቸው በሳቅ ብሩሹ ከእጃቸው ይወድቃል።

አፍንጮ በር ያለውን የቤታችንን መዝጊያ እኩሌታውን አረንጓዴ ቀብተው፣ ሳይጨርሱት አረፉ። አርባቸው ሲያልፍ ልጨርሰው ብዬ የቀረውን ቀለም ያን ዕለቱን ግጥም አድርጌ ከደንኩት። ዛሬ ስከፍተው ቆዳ አውጥቷል፤ ለካ ከክዳኑ በታች ግማሹ አየር ኖሯል።

ምን ላድርግ? ጣሳውን እንደ ከፈትኩት ተቀምጫለሁ። «ክደነው አንተ!» የሚለኝ የለም።