ሐምራዊት በቃሏ የያዘችው ላቲን

ያን ዓመት ቅጠሉ ቶሎ ረገፈ። ብርዱ ገና ሳይገባ ደጁ እርጥብ እርጥብ ይሸት ነበር። ማሞቂያውን ብከፍተው ያፍነኛል፣ ብዘጋው ይበርደኛል። ሐምራዊት ዩኒቨርሲቲ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ባለው ቤቴ፣ ፎቁ ላይ አንድ ክፍል አከራይቻት ነበር። ያሳደጓት ዓይነ ስውር ቄስ አያቷ ናቸው፤ ዳዊቱን እሳቸው ሲሉ እሷ እየተቀበለች፣ ፊደል ሳትቆጥር ዘልቃዋለች።

"ቋንቋ የግድ ነው ሲሉኝ ላቲን ያዝኩ" አለችኝ።

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"ማንም አይናገረውማ፣ እትዬ እናናዬ። በአክሰንቴ የሚስቅብኝ የለም።"

ከክላስ ስትመለስ ንባቡንና የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ከስልኳ እየሰማች፣ በቃሏ እስኪሆን ድረስ ኩሽናውን ትዞረዋለች። አንድ ቀን ክላስ ውስጥ መጽሐፉን ገልጣ ስታወርደው አስተማሪዋ "ማንበብ እንዲህ ነው" ብላ አመሰገነቻት። ልጅቷ ግን ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

"መቼ አነበብኩ? አፌ ነው የሚያውቀው። ልንገራት?"

"ተይ እባክሽ። እኔስ ዳዊት ስደግም ትርጉሙን ማን ጠየቀኝ?"

ሳቀች፤ ያቀረብኩላትን ምግብ ግን አልነካችም።

ከዚያ አስተማሪዋ ላቲኑ የከበደውን አንድ የእኛኑ አገር ልጅ፣ ኤርምያስን፣ እንድታስጠና ሰጠቻት። እኔ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ገጹ መሀል ላይ ጣቱን አኑሮ "ይቺስ ምንድን ናት?" አላት። እሷ ዓይኗን ጨፍና ከገጹ ራስ ጀመረች፤ እያለች እያለች ቃሏ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"'እርሻ' ማለት ነው።"

"ጂፒኤስሽ ሁሌ ከቤት ካልተነሳ አይሠራም?"

ሦስታችንም ሳቅን። ልጁ ግን ዘዴ መስሎት እሱም እንደሷ በቃሉ መያዝ ጀመረ። እኔም ይህን እያየሁ ሻይ እቀዳላቸው ነበር።

ፈተናው ላይ ሁለቱም አይተውት የማያውቁት ንባብ መጣና ሁለቱም ወደቁ። ሐምራዊትን አስተማሪዋ "አሞሽ ይሆናል፤ ሌላ ቀን ትፈተኛለሽ" አለቻት። ኤርምያስን እንዲያ ያለው ሰው የለም።

"እሱ ሰነፍ ተባለ፣ እኔ በሽተኛ" አለችኝ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ። አሁንስ ተይ ማለት አቃተኝ።

በማግስቱ ሄዳ ሁሉንም ተናገረች። አስተማሪዋም "እንግዲያው ሁለታችሁም ትፈተናላችሁ" አለች። ኤርምያስ ግን ያን ቀን ጠዋት ክላሱን ድሮፕ አድርጎ ወጥቶ ነበር፤ ብትለምነውም አልመለስ አለ። እሷም ብቻዬን አልፈተንም ብላ ፈተናውን ትታ፣ ብርዱ ሲገባ ከአንደኛው ገጽ ጀመረች፤ አሁን ጣቷን እያንዳንዱ ቃል ላይ እያኖረች፣ ድምፅ ሳታሰማ።

የልጁ እናት ይህን ሁሉ አታውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስታገኛት "ልጄን ያስጠናሽልኝ" እያለች አገላብጣ ትስማታለች። ሐምራዊት አንገቷን ደፍታ ትሳማለች፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ ነጠላዬን አስተካክላለሁ። ኋላ ኋላ ሐምራዊት እሑድ ስራ አለብኝ እያለች መቅረት አመጣች።

ሰመር ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ክፍሉን ለቀቀች። ባለፈው ፋሲካ ስትደውልልኝ ሲንሲናቲ ነበረች፣ አክስቷ ቤት። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት የኤርምያስ እናት ደኅና መሆኗን ጠየቀችኝ።