ዳባሶና ባለባትሪዋ መኪና

ጎረቤቴ ዳባሶ ከሰሜን ኬንያዋ ሰፈራችን ከሄሉ እስከ ሶሎሎ ሆስፒታል ድረስ በሽተኛ ያመላልሳል። አሮጌ ጂፑ ነዳጅ አትጠግብም፤ ስለዚህ በሽተኛ በመጣ ቁጥር ቤተሰብ ለቤንዚን ያዋጣል። አምና የሚስቱን የሀቢቦን እህት ምጥ ያዛት። የዳባሶም ኪስ ባዶ ነበር። መዋጮው እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ጠብቃ፣ ጂፑ ሳትነሳ ሴትዮዋ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው እንቅልፍ የለውም።

ዘንድሮ፣ በፈረንጆቹ 2009፣ አንድ ሻጭ ከናይሮቢ ሃይብሪድ የሚሏትን መኪና ይዞለት መጣ። በቤንዚንም በባትሪም ትሄዳለች፣ ነዳጇ የጂፑ ግማሽ ነው አለው። እስከ ቀትር ካልወሰንክ ለሌላ ሰው ነው ብሎም አጣደፈው። ዳባሶ ላሞቹን ሸጦ ገንዘቡን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። የጎደለውን ለመሙላት ጂፑንም ሊሸጣት ነው።

እኔ አየለች ደግሞ አፌ አያርፍም። አንተ ሰውዬ፣ ሰው ጭነህ ሳትሞክራት ትገዛለህ እንዴ አልኩት። ለጭነት እኔ ብቻዬን እበቃለሁ፤ ግን ሀቢቦም ገባች። እንደ በሽተኛ ከኋላ ተጋድማ ራሷን ጭኔ ላይ አደረገች። ዳባሶ መሪውን ያዘ፣ ሻጩ አጠገቡ ተቀመጠ።

ከተማ ውስጥ ድምፅም የላት፤ የዳባሶ ፊት በራ። የሶሎሎን መንገድ ስንይዝ ግን የመኪናዋን ሆድ ድንጋይ ይፍቀው ጀመር። በየግጭቱ ሀቢቦ እጄን ትጨብጣለች። ፈራሁ፤ የምትጨብጠኝ እህቷን እያሰበች እንጂ ስለ ራሷ አልነበረም። ብዙም ሳንርቅ መኪናዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ወርደን ገፋናት።

ባትሪው ቢበላሽ የትኛው መካኒክ፣ የትኛው ፉንዲ ይጠግነዋል ብዬ ሻጩን ጠየቅኩት። ናይሮቢ አለ አለኝ። ወይ ጉድ! ናይሮቢ ለመድረስ ሁለት ቀን ነው።

ዳባሶን ግን የነዳጁ ነገር አልለቀቀውም። ቀስ ብዬ እነዳታለሁ ብሎ ፌስታሉን መፍታት ጀመረ። ሀቢቦ እጁን ያዘችው።

«እህቴ ቤቷ፣ እጄ ላይ ሞተች» አለችው። «በዚች ብትሄድ እዚህ ድንጋይ ላይ ነበር የምትሞተው። በዚህ ገንዘብ ቤንዚን ግዛና በርሜል ሞልተህ ቤት አስቀምጥ። በሽተኛ ሲመጣ ወዲያው ንዳ፤ ቤተሰቡ በኋላ ይተካል።»

ሻጩ ተናደደ፣ ተሳደበም። ዳባሶ አልሰማውም። መንገዱ ዳር ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ላሞቹ እኮ አምናም ነበሩን፤ አንዷን ሸጬ በርሜሉን መሙላት እችል ነበር» አለ።

ሀቢቦ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች።