በባሌ ዓይን ውስጥ የበቀለው ሻጋታ

ባሌ እኔን ከማግባቱ በፊት ሽማግሌ የላከባት ሴት ነበረች። አባቷ «ልጄ ገና ትማራለች» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሱ፤ እሷም ተምራ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ሆነች። ይባስ ብሎ ቦሌ እኛ ሰፈር መጥታ፣ ከእኛ ሁለት በር አልፎ ቤት ተከራየች። እሷን ሲነፍጉት የተገኘሁ ሚስት መሆኔን ማንም አልነገረኝም፤ ግን በወጣች በገባች ቁጥር ይሰማኝ ነበር። ያ የጫማዋ ቋ ቋ ማለት! እቴ!

ዘመኑ የደርግ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሳይወጣ ቀበሌ ለልማት ያሰልፈናል። አንዱን እሑድ ወንዶቹን ጎሮ ወሰዷቸው፤ ያኔ ጎሮ ሁሉ ማሳ ነው። ቁጥቋጦ ሲመነጥሩ የግራር እሾህ የባሌን ቀኝ ዓይን ወጋው። እዚያው ነቅሎት መጣ፤ ዓይኑ በርበሬ መስሏል። እኔ ሐኪም ቤት እንሂድ ስል እሷ ወሬውን ሰምታ ከተፍ አለች። በእጇ ትንሽ የዓይን ጠብታ ይዛለች። «የሮም ነው። የእኔም ዓይን ሲቀላ ያሻለኝ ይሄ ነው» አለች።

ያኔ በሰፈራችን ከጠበል ቀጥሎ የሚታመነው የውጭ ነገር ነበር። የተረፈ ጠብታ ከቤት ቤት መዋዋስም ልማዳችን ነው፤ ማንም ለምን አይልም። ባሌ አንጋጠጠላት፤ እሷ በጣቶቿ ሽፋሽፍቱን ገልጣ ራሷ ጠብ አደረገችለት። እኔ ሚስቱ እዚያው ቆሜ! ደሜ ፈላ።

ቅላቱ ጠፋ። ባሌም «አየሽ?» እያለ ያን ጠብታ በኪሱ ይዞት ዞረ። ከሳምንታት በኋላ ግን ዓይኑ ጉም ለበሰ። ሥራው የሕንፃ ንድፍ ነው፤ የሚያሰምረው መስመር ይጠፋበት ጀመር። ያኔ ነው እየጎተትኩ የዓይን ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት።

ሐኪሙ ጨለማ ክፍል አስገብቶ በመብራት ዓይኑን አየ። ውስጡ እንደ ጥጥ ብናኝ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል አለኝ። «ምን አድርጋችሁበት ነበር?» ሲል ጠብታውን ከባሌ ኪስ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ጽሑፉን አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። በቀጭን መርፌ ከዓይኑ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ቀድቶ ላቦራቶሪ ላከ። ቀናት ጠብቀን ተጠራን።

«ሻጋታ ነው» አለ፤ «የቆየ እንጀራ ላይ እንደሚወጣው ያለ። እሾሁ ይዞት ገባ። ይሄ ጠብታ ደግሞ ቅላቱን ሲያጠፋ ሰውነት የሚከላከልበትንም አቅም አደከመው። ሻጋታው እንደ ልቡ በቀለ።»

እውነቱን ልናገር? አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያች የሮም ጠብታ! ደስታዬ ግን ደቂቃ አልቆየም። «መድኃኒቱ አገር ውስጥ የለም። ከውጭ በበረዶ ተይዞ በዚህ ሳምንት ካልመጣ ዓይኑን እናወጣዋለን» አለን።

መድኃኒት ቤቶቹን ሁሉ ዞርኩ፤ ውጭ ዘመድ ያለው ሰው ፈለግሁ። በሳምንት ማን ያደርሳል? ባሌ በተኛበት ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ቀስ ብሎ «እሷ እንኳ እምቢ አትልም» አለኝ። እሷን እንዲህ ያውቃታል! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

በሯን አንኳኳሁ። ደህና ዋልሽ ሳልል «ጠብታሽ ባሌን ሊያሳውረው ነው» አልኳት። ፊቷ ዐመድ መሰለ፤ ከዚያ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ይሄ ባሰብኝ። በማን ባል ነው የምታለቅሰው? ቢሆንም ሐኪሙ የጻፈልንን ማዘዣ እጇ ላይ አኖርኩና «እባክሽ» አልኳት። ያችን ቃል እንዴት አድርጌ እንዳወጣኋት እኔ ነኝ የማውቀው። እሷም ከጓደኛዋ ጋር በረራ ተለዋውጣ ፍራንክፈርት ሄደች።

ስትመለስ ቤቷ እንኳ አልገባችም። ከነዩኒፎርሟ፣ በረዶ የሞላ ፔርሙስ አቅፋ ሆስፒታል ደረሰች። ባሌ ዓይኑን እንዳያንቀሳቅስ ሁለቱም ታሽገው ተኝቷል፤ እጁን ይዤለታለሁ። በሩ ሲከፈት ቀና አለና «መጣች?» አለ። በሽቶዋ ለያት! የእኔን ጠረን እንዲህ ይለየው እንደሆነ እንጃ። እጁን ልለቀው አልኩና መልሼ ጭብጥ አድርጌ ያዝኩት፤ እሷ ፊት ሞቼ ነው የምለቅ! ሐኪሙ ዓይኑን አደንዝዞ መድኃኒቱን ወደ ውስጡ በመርፌ ሰጠው፤ ከቀናት በኋላም ደገመው።

ዓይኑ ተረፈ። ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ያያል። ሐኪሙ ሲያሰናብተን «ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ይሄ ዓይን አይኖርም ነበር፤ ያችን ልጅ አመስግኗት» አለ። አመሰገንኳት፣ በአፌ። ባሌን ደግሞ «በየጠዋቱ ጤነኛውን ዓይንህን በመዳፍህ ሸፍነህ በታመመው ተመልከት፤ ጉም ካየህ ቶሎ ና» ብሎ አዘዘው።

በማግስቱ ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ግራ ዓይኑን ሸፈነና በቀኙ እኔን አየኝ። ብዙ ቆየ። «ታየሽኝ» አለ፤ «ግንባርሽ ላይ ያለው ንቅሳት ሳይቀር።» ያ ዓይን ግን የእሷ ነው። ያጠፋችውም እሷ፣ ሮጣ ያተረፈችውም እሷ። መዳፉን ከግራ ዓይኑ አንስቼ ቀኙን ሸፈንኩበት።

«በዚህኛው እየኝ» አልኩት።