የሦስተኛዋ ክር ማግኔት

አጎቴ ጌታነህ የበደለኝ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ በመስከረሙ የአብዮት በዓል ዕለት ነው። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን የጧፍ ሰም ሲሸተኝ ከጸሎቱ ቀድሞ የሚመጣብኝ እሱና የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ጊታር ነው።

አባቴ ደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ታናሽ ወንድሙ ጌታነህ የኪነቱ መሪ ነበር፤ ክራርም ደህና አድርጎ ይመታ ነበር። በዚያ ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ የኪነቱን ብቸኛ ጊታር ታቅፎ መጣ። ከክሮቹ ሥር ማግኔቶች ላይ ተጠምጥማ ድምፅ እየለቀመች ወደ ማጉያው የምትልከው ጥቅል ሽቦ ተበጣጥሳ፣ ጊታሩ ዲዳ ሆኖ ነበር። ጥቅምት ላይ ደግሞ ጎንደር ውድድር አለባቸው።

አባቴ ከተበላሸ ሬዲዮ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ አውጥቶ ማጠንጠን ቢጀምርም፣ ጣቱ ወፍራም ስለነበረ ሦስት ጊዜ በጠሰው። እኔ እናቴ ጥጥ ስትፈትል ከሥሯ ያደግሁ ነኝና፣ ሽቦውን ተቀብዬ እንደ ፈትል ላላ አድርጌ ይዤ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሳጠነጥን አንዴም አልተበጠሰብኝም። ጌታነህ በሩ ላይ ቆሞ፣

«ጋሼ፣ ለጋቢ ነው ለጊታር?» አለ።

«ላንተ አፍ መስፊያ ነው» አለው አባቴ፣ ቀና ሳይል።

ጌታነህ ሳቀና ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንች፣ ይችን ጊታር ካናገርሻት ጎንደር ይዤሽ እሄዳለሁ፤ አንችው ትመቻታለሽ» አለኝ። አመንኩት።

ጥቅሏን በቀለጠ የጧፍ ሰም ነክረን ገጠምናትና ጊታሩ ነፍስ ዘራ፤ ክሮቹ ግን እኩል አልተናገሩም። ሁለተኛዋ ትጮኻለች፣ ሦስተኛዋ ታንሾካሹካለች፣ ቀጭኗ የመጀመሪያዋ ጭራሽ ዝም አለች። እሷ ጌታነህ ከክራሩ ፈትቶ ያሰራት የበግ ጅማት ነበረች። አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀና፣ «ማግኔት ብረት እንጂ በግ አይሰማም» ብሎ ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ አንድ ዘለላ መዞ በምትኳ ወጠረ።

የቀረው ማመጣጠን ነበር። አባቴ በእያንዳንዷ ክር ሥር ያለችውን ማግኔት በወረቀት ጠቅልሎ ስላስገባት ትንሸራተት ነበር፤ ወደ ክሯ ስትቀርብ ድምፁ ይጎላል፣ ስትርቅ ይቀንሳል። አንድ ጆሮው አይሰማም ነበርና እኔን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመኝ። «ሁለተኛዋ በዛች» ስለው ዝቅ፣ «ሦስተኛዋ አነሰች» ስለው ከፍ እያደረገ፣ ትንፋሹን ውጦ የምስማር ጫፍ ታህል ይገፋት ነበር። ስድስቱም እኩል ሲናገሩ እያንዳንዷን በሰም ጠብታ አትሞ ጊታሩን እጄ ላይ አስቀመጠው። እንደዚያ ያለ ትዕግሥት በሌላ ሰው ላይ አይቼ አላውቅም። ነሐሴን ሙሉ ጎንደርን እያሰብኩ ተለማመድኩ።

መስከረም ሲጠባ ጓድ ጌታነህ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ «ይችን ጊታር በገዛ እጄ ነው ከሞት ያስነሳኋት» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ፊት የተቀመጠው አባቴ አንገቱን ደፋ። ጌታነህ ከመድረኩ ሲወርድ ጠብቄ፣

«ጋሼ፣ ጎንደርስ?» አልኩት።

«ሴት ልጅ እስክስታ ትወርዳለች እንጂ ጊታር ታቅፋ ትገተራለች?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ።

ጥቅምት ላይ ከጎንደር ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጌታነህ ብቻውን ሲመታ፣ ዜማው መሀል ሦስተኛዋ ክር ድምፅ አጥታ ከድታዋለች። አባቴ ጊታሩን ሲያመጡለት አገላብጦ አየ፣ ማግኔቷን ወደ ቦታዋ መለሰና፣ «ይች የሰም ጠብታ የእኔ እጅ አይደለችም» አለ። ወደ እኔ ግን አላየም።

አሁን ከተማችን የጊታር ክር በፓኬት ይሸጣል፤ ልጆቹም የድምፁን ልክ በስልካቸው ያስተካክላሉ። ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጥ ግን ከአባቴ ወዲህ አላየሁም። ጌታነህ አርጅቶም በየለቅሶው ድንኳን ያችን ጊታር እንደ ሠራ ያወራል።

ያን ጥቅምት፣ ወደ ጎንደር ከመጫኑ በፊት ጊታሩ እኛ ቤት ውሎ ነበር። የሦስተኛዋን ሰም በምስማር ፋቅሁ፣ ማግኔቷን በአውራ ጣቴ ወደ ታች ገፋኋት፣ ጧፍ ለኩሼ መልሼ አተምኳት።